የሌላ ሰው ኮከብ ይዤ ስኖር

ዛሬ ጠዋት የታካሚ ፋሻ ስቀይር ከጋውኔ ኪስ የኮከብ ቆጠራ ወረቀቴ ወደቀ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ አንሥታ አየችውና "በዚህ ወረቀት እኮ የእኔ ታላቅ ነሽ። የልደትሽን ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው እንዴ የሞላሽው?" አለችኝ።

ተቀብያት አየሁት፤ በእኛው አቆጣጠር የሞላሁትን ዓመት ፈረንጆቹ እንደራሳቸው ቆጥረው፣ ከእኔ በፊት የተወለደ የሌላ ሰው ኮከብ ሰጥተውኛል።

አምና ፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ነው በአንድ የፈረንጅ ድረ ገጽ የሞላሁት። የተወለድሁበትን ሰዓት እናቴን ብጠይቃት "ጥጆች ሲገቡ" አለችኝ፤ እሱንም በእኛው ሰዓት አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍሁ።

ካይሮን የምትባል ትንሽ የሰማይ አካል የሰውን የማይሽር ቁስል ታሳያለች ይላል ወረቀቱ። የእኔን ቁስል ገና ባልያዝሁት ትዳር ላይ አገኘው። የሰው ቁስል ታክሚያለሽ፣ የራስሽ ግን አይድንም አለኝ። ነርስ ነኝና አመንሁ።

ደብተራ ዘንድ ሄደው ኮከብ በሚያስቆጥሩት ስስቅ የኖርሁት እኔው ነኝ።

ወረቀቱን አምኜ ሦስት ዓመት የጠበቀኝን የቡሬ ልጅ ሽማግሌ እንዳትልክ አልሁት። ምክንያቱን እንኳ አልነገርሁትም።

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ደወልሁለት። ስልኩን ያነሡት እናቱ ናቸው። "ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ትናንት ሌላ ልጅ ሊጠይቁለት ማንኩሳ ሄደው እሺ ተብለው ተመለሱ። አንቺን እንኳ ብዙ ጠብቆሽ ነበር" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁስል የማን እንደነበረ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግን የእኔ ነው።

በሰው ኮከብ የራሱን ሰው የሸኘ አለ? ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።