የእግር ማሽኑን የመረጥን ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ፒከሪንግተን ካለው ቤታችን ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር ጎረቤታችን ጋራዡን ከፍቶ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ባለቤቴ የሣር ማጨጃ ሊያይ ገብቶ አንድ ትልቅ የስፖርት ማሽን ፊት ተገተረ። በደረት የሚገፋው፣ ከላይ ወደ ታች የሚሳበው፣ ክንድ የሚያሠራው፣ ሁሉም በአንድ ብረት ላይ ተሰክቷል። «ቤዝመንት ብናስገባውስ? ሁሉ ነገር አለው» አለኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁትና «የእግሩስ የታል?» አልኩት። ጎረቤታችን ከመቀመጫው ሥር የተንጠለጠለች አንዲት ስፖንጅ የለበሰች ዘንግ ሲያሳየኝ ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቴ የሳቄን ምክንያት ስለሚያውቅ የሣር ማጨጃውን ብቻ ይዘን ተመለስን። አብሮን የነበረው ልጃችን ግን አያውቅምና «ዋት ኢዝ ሶ ፈኒ?»፣ ምን ያስቃል፣ እያለ እስከ ቤት ነዘነዘኝ። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ከታላቅ ወንድሜ ከሚኪያስ ጋር ዋይትሆል ውስጥ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እሱ ዕቃ የሚያደርስ ቫን ይነዳል፤ እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እሠራለሁ። ኮቪድ በገባበት ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ሥራ ቦታ ከመሰላል ስወርድ የመጨረሻዋን እርከን ስቼ ቀኝ ጉልበቴ ተጠመዘዘ። ጅማቱ ቢጎዳም አልተበጠሰም፤ ኦፕሬሽን አያስፈልግም ተባለና ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ።

የእግር ማሽን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። ጀርባዬን አስደግፌ በሁለት እግሬ ብረቱን ስገፋ፣ ያ ፈሪ እግሬ እንደገና የእኔ ሲሆን ተሰማኝ። ግን ኢንሹራንሱ የፈቀደው ቀጠሮ አለቀ። ቴራፒስቷ የምሠራውን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ በእግር መግፋት፣ ጉልበት መዘርጋት፣ ማጠፍ፣ ዳሌን ወደ ጎን መክፈት። «ከቀላሉ ጀምሪ፤ አታቋርጪ» አለችኝ። የት ሄጄ ልሥራው? በዚያ ሰሞን ደረጃ የምወርደው በጎኔ፣ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጄ ጨብጬ ነው። የልብስ ማጠቢያው ደግሞ ምድር ቤት ነበር። ሚኪ ቅርጫቱን ይቀበለኝና «አንቺ ቁጭ በይ» ይለኛል። በደግነት ነበር የሚለው። እኔ ግን «ቁጭ በይ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መስማት ጀመርኩ።

በረዶው በፓርኪንጉ ዳርና ዳር ጥቁር ክምር ሆኖ ሲቀልጥ፣ የአፓርትመንቱ ማናጀር በየበራችን ወረቀት ለጠፈች። ተዘግቶ የከረመው የስፖርት ክፍል ሊከፈት ነው፤ የድሮዎቹ ዕቃዎች ስለተበላሹ ባለንብረቱ አንድ ማሽን ይገዛል፤ የትኛው ይሁን የሚለውን ተከራዮች ይምረጡ። ግማሹ ተከራይ የእኛ ሰው ነበር። ሚኪና ጓደኞቹ በዚያው ቀን ስልካቸው ላይ አንዱን መረጡ። ደረት፣ ትከሻ፣ ክንድ። ለእግር ያቺው ዘንግ ብቻ።

«እግርሽማ ቀኑን ሙሉ ዌርሃውስ ሲሠራ ይውላል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ ሚኪ፣ ስቃወመው።

«እዚያ የሚሠራው ለእነሱ ነው። ለራሴ መቼ ይሥራ?»

«ሰብለ፣ ነገር አታክብጂ።»

አከበድኩት። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የደሴ ሴት ነበሩ፤ ስድሳ ዓመት ቢጠጋቸውም ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ያጸዳሉ። ረመዳንና ሁዳዴ የተገጣጠሙበት ዓመት ስለነበር የምስር ሳምቡሳ ሲጠብሱ ለእኔም ይልኩልኛል። ቅዳሜ ያገለገለ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ጾመኛ ናቸው፣ ጉልበታቸው አብጧል፤ ሆኖም ነጠላ ጫማቸውን በስኒከር ቀይረው መኪናዬ ውስጥ ገቡ።

ሻጩ ሁለት ሐበሻ ሴቶች ሲያይ በቀጥታ ወደ ብስክሌቶቹ መራን። «ይሄ አይደለም» አልኩት። ወደ ሮዝ ክብደቶች ወሰደን። «ይሄም አይደለም።» በመጨረሻ ትቶን ሄደ፤ እኛም ማሽን በማሽን እየተቀመጥን ሞከርን። ሚኪ የመረጠው ዓይነት እዚያ ነበር። እትዬ ዘሃራ ቢቀመጡበት ዘንጓ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በመዋል ፈንታ ከእግራቸው ጫፍ በታች ቀረች፤ የመጀመሪያው ክብደትም ንቅንቅ አላለላቸውም። «ልጄ፣ ይሄ ለፈረስ ነው የተሠራው» አሉ።

ጥግ ላይ አንድ ግራጫ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ማንም የማያየው ማሽን ቆሟል። አራት ቦታ አለው፤ መግፊያ፣ ማጠፊያና መዘርጊያ፣ ለዳሌ፣ ለባት። እያንዳንዱ የራሱ ክብደት ስላለው አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። መቀመጫው ለአጭር ሰው እስኪመች ድረስ ይቀርባል። ክብደቱ በጣም ከቀላል ይጀምራል። እትዬ ዘሃራ ተቀምጠው ገፉ። ብረቱ ወጣ፤ ወረደ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላህ» ብለው ደገሙት። እኔም ፎቶ አነሳሁና ዋጋውን ጠየቅኩ። ማናጀሯ ወረቀቱ ላይ ከጻፈችው የገንዘብ ልክ አያልፍም።

ስብሰባው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበር። በር እያንኳኳሁ የጋበዝኳቸው ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ መጡ። ሚኪ ፎቶውን ሲያይ «ይሄ እኮ የሴት ማሽን ነው!» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ጎትቼ መሃል አስቀመጥኩ።

«እሺ፣ የወንዱን እንየው። ቁጭ በልና እጅህን ሳትጠቀም በአንድ እግር ተነሳ።»

ወንድሜ ደረቱ ከቲሸርቱ ሊወጣ የደረሰ ጎረምሳ ነው። ተቀመጠ፤ አንድ እግሩን አነሳ፤ ሞከረ፤ ተመልሶ ዱብ አለ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ወንበሩ ይዞት ሊወድቅ ነበር። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ፊቱ ቀላ፤ እኔም ትንሽ አሳዘነኝ፤ ግን ወደኋላ አላልኩም።

ከዚያ እትዬ ዘሃራ ሳይጠየቁ ተናገሩ። «እኔ ጡንቻ አይደለም የምፈልገው። ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ሰለቸኝ። ግንባሬ ምንጣፍ ከነካ ሁለት ዓመት ሆነው። እዚያ ማሽን ላይ ስቀመጥ ግን እግሬ ታዘዘኝ።»

 አንዱ ለማናጀሯ ተረጎመላት። ምርጫው በአፓርትመንት አንድ ድምፅ ነው አለች። ሚኪ ለራሱ ማሽን እጁን አወጣ። ለግራጫው ሲባል እኔም አወጣሁ። ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ በእሱ ስም እንደሆነ ሲያስታውሰኝ «ግማሹን ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ እጄን አላወርድም» አልኩ። ማናጀሯ አሰብ አደረገችና የሁለታችንንም ሰረዘች። የእኛ ቤት ሳይቆጠር ግራጫው ማሽን በሁለት ድምፅ በልጦ አለፈ።

ሚኪ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ተሳስቻለሁ ብሎ እስከ ዛሬም አያውቅም። እኔና እትዬ ዘሃራ ግን ማሽኑ እንደገባ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ስፖርት ክፍሉ እንወርድ ጀመር። እሳቸው በጀመሩበት ክብደት ሦስት ሳምንት ቆዩ፤ እኔ ተቻኩዬ ጨምሬ ጉልበቴ አብጦ ተቀጣሁ፤ እንደገና ከታች ጀመርኩ። በበጋው አንድ ቀን ቅርጫቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ፊቴን ወደፊት አድርጌ፣ ሦስቱንም ፎቅ ወረድኩ። ማንም አላየኝም። ታች ደርሼ ቅርጫቱን አስቀመጥኩና ያለ ምንም ምክንያት ተመልሼ ወጣሁ።

ለአረፋ ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ሻሻቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸውን በጣታቸው ይጠቁማሉ። የምንጣፉ ጥልፍ ቀይ ሆኖ ታትሞበታል። «እዪ!» አሉኝ፤ «እዪ እንጂ!» በሩ ላይ እንደቆምን ተቃቅፈን አለቀስን።

ይህን ሳወራ አንዳንዱ ሰው «ለአንድ ማሽን ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ?» ይለኛል። ይበለኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራም በቤተ ዘመድም ብዙዎች ለእኔ የሚበጀውን ሊመርጡልኝ ሞክረዋል፤ አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚያመኝን ቦታ አያውቁትም እንጂ። ዝም ብል ኖሮ በደግነታቸው መሃል ተቀምጬ እቀር ነበር። አማርኛችን የእግር መታጠፊያውንም ኃይልንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ስም ነው የሚጠራው። የመጀመሪያው ሲያመኝ ነው ሁለተኛው እንዳለኝ ያወቅኩት፤ ዛሬም ማንም «ቁጭ በይ» ሲለኝ ቆሜ ነው የምመልስለት።