ለጠፋ ይጨበጨባል

ብሪስቶል ባሕር ዳርቻ ላይ ድንኳንና ወንበር ሳከራይ ሠላሳ አንድ በጋ ሆነኝ። ሰው ከተማችንን ማር ዴል ፕላታን በቁማር ቤቷና በሆቴሎቿ ያውቃታል፤ እኔ በእግር ነው የማውቃት። የእንግዳ እግር አይቼ ስንት ቀን እንደሚቆይ እናገራለሁ። የባልና ሚስቱን፣ የኢርማንና የኦስቫልዶን እግር ሳይ “ሦስት ቀን” አልኩ። ነጭ፣ ዕድሜውን ካልሲ ውስጥ የጨረሰ እግር ነበር። አልተሳሳትኩም።

የመጡት ባሕር ከሌላት ከኦላቫሪያ ከተማ ነው። ኦስቫልዶ ጉልበቱን ሲሚንቶ ፋብሪካ ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ ኢርማ ደግሞ ሠፈሩን ሁሉ ያለበሰች ልብስ ሰፊ። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው የማቴ ሻዩን ከእጇ ተቀብሎ “እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ፣ ስለ እኔ አይቸገሩ” ሲላት ሰማሁ። ምን ዓይነት ጨዋ ባል ነው፣ የእኔዋ ሚስት ብትሰማ አታስተርፈኝም ብዬ ሳቅሁ።

“ጨዋነት አይደለም ዶን ካቾ” አለችኝ ኢርማ ኋላ፣ እሱ ሲያንቀላፋ። “ከፋሲካ ወዲህ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ተቀጥራ የምታስታምመው ሴት ነው የምመስለው።”

ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት ለጫጉላቸው የመጡት እዚሁ ነበር። ያኔ ክር የመሰለች ልጅ ስለነበረች “ቀጮ” ይላት ነበር፤ ሦስት ልጅ ወልዳ በር በጎኗ መግባት ከጀመረች በኋላም ቀጮ እንደሆነች ቀረች። አሁን ያ ስም የለም። ልጆቿ “እማዬ፣ በዚህ ሙቀት እሱን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ?” ቢሏት አልሰማቻቸውም።

“አንዴ ብቻ ቀጮ ይበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ። ባሕሩን ሲያይ ትዝ ይለው ይሆናል።”

ውኃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ? ይህን ግን አልነገርኳትም።

በሁለተኛው ቀን በጫጉላቸው ፎቶ የተነሱበት ቦታ ወሰደችው፤ ከድንኳኔ በላይ፣ ከድንጋይ የተቀረጹት የባሕር አንበሶች ሥር። ከአሮጌው ፎቶ እያየች እጁን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ኮፍያውን አዘነበለችለት። እሱ አንበሶቹን አየና “እሜቴ፣ እነዚህ ውሾች አይናከሱም?” አላት። ፎቶ አንሺው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ድንኳኔ ውስጥ ገብታ ፎጣ በጥርሷ ነክሳ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡሳቸው የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ኢርማ ቴርሞሱን ሙቅ ውኃ ልታስሞላ ሄደች፤ ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ጫማው ብቻ እዚያው ተቀምጧል።

“ዶን ካቾ፣ ባሌን አላዩትም?”

ሁለት ቤተሰብ በአንድ ድንኳን እየተጨቃጨቁ ጆሮዬን ይበሉኝ ነበር። “ኮረዶች ሊያይ ሄዶ ይሆናላ እሜቴ፣ ሲርበው ይመጣል” አልኳት። ይህን አፌን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ፊቷን ቀና ብዬ ሳይ ነው ሁሉን ጥዬ የተነሳሁት።

በጥር ቅዳሜ ብሪስቶል ላይ ጠጠር መጣያ የለም። ሽማግሌው ሁሉ ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ሽማግሌው ሁሉ ጀርባው ቀልቷል። ማማው ላይ ያለው ነፍስ አድን “ምን ለብሰዋል?” ብሎ ጠየቀ። “ሰማያዊ ቁምጣ” አለችው። ልጁ ወደ ውኃው አመለከታት፤ የዋናተኛው ግማሽ ሰማያዊ ቁምጣ ነው። ኢርማ የባሏን ጫማ ደረቷ ላይ ይዛ እስከ ጉልበቷ ባሕር ገባች፣ “ኦስቫልዶ” እያለች ተጣራች። ስሙን ያውቀው እንደሆን እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም።

“ቤቱ ደኅና ተቀምጦ ነበር” ትለኛለች። “ለአንዲት ቃል ብዬ አምጥቼ የገደልኩት እኔ ነኝ።”

እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ሊሞላን ሲል፣ ባሕሩ ውስጥ ከገባው የድንጋይ ግድብ በኩል ጭብጨባ ሰማን። እኛ ጋ ልጅ ሲጠፋ ያገኘው ሰው ትከሻው ላይ ያወጣዋል፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ እናትየዋ ሰምታ እስክትመጣ ድረስ ያጨበጭባል። ኢርማ ሮጠች።

“ለልጅ ነው እኮ እሜቴ” አልኳት እየተከተልኳት።

“እሱስ ታዲያ ምንድን ነው?”

አንድ ፀጉራም ጎረምሳ ትከሻ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች። ከሥሯ ባዶ እግሩን ቆሞ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው ኦስቫልዶ ነው። “አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ እናትሽ አሁን ትመጣለች” ይላታል። እውነትም እናትየዋ መጥታ ልጇን ከጎረምሳው ትከሻ ነጠቀች። ሰዉ ሳቀ፣ መበተንም ጀመረ።

ኢርማ ፊቱ ሄዳ ቆመች። ትንፋሿ አልመለስ ብሏል። እሱ እንባዋን አየና ደነገጠ።

“እሜቴ፣ እርስዎም ልጅ ጠፍቶብዎት ነው?”

ልታቅፈው የዘረጋችው እጅ መንገድ ላይ ቀረ። “ባሌ ነው የጠፋብኝ” አለችው።

“ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል? እዚህ ያለው ሰው ደግ ነው። ከእኔ ጋር ይቁሙ።” ወደሚበተነው ሰው ዞረ። “ጎበዝ፣ የት ትሄዳላችሁ? እኚህ እመቤት ባላቸው ጠፍቶባቸዋል።”

ማጨብጨብ ጀመረ። መጀመሪያ ጎረምሳው፣ ቀጥሎ ልጇን ያገኘችው እናት፣ ከዚያ መቶ የሚሆን ሰው ምኑንም ሳያውቅ ተከተለው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

ኦስቫልዶ እያጨበጨበ፣ በሰው ራስ ላይ እየተንጠራራ፣ ባልየው ብቅ ይል እንደሆነ ያያል። “ይመጣል እሜቴ” ይላታል፣ “ሰምቶ ይመጣል።” ኢርማ ጫማውን እንደያዘች አጠገቡ ቆማ፣ እሱ ወደሚያይበት ታያለች።