የአሰልጣኞች ግለ ሂስ

እንንቃቸው ነበር ብል ሌላ ሰው አብሮኝ የነበረ ይመስላል። የምንቃቸው እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ያውም ደመወዝ የሚከፈለኝ እነሱን ለማሠልጠን ነበር።

ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ጂምናዚየም ነበር። ባለቤቱ የውጭ አገር ሰው ነበር። ቤቱ ሲወረስ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገባ፤ ብረቱ፣ መስታወቱና አምስቱ አሰልጣኞች ለመንግሥት ቀሩ። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ዲፕሎማዬን አይተው ከትምህርት ቤት አዛወሩኝና የሥልጠናና የብቃት ክፍል ኃላፊ አሉኝ። ክፍሉ ማለት እኔ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እንዲሁም ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈበት ትልቅ የጡንቻ ሥዕል ነበር።

ከአምስቱ አሰልጣኞች አራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብጨርሳቸው አይበደሉም፤ ጠዋት ቱታቸውን ይለብሳሉ፣ ማታ ያወልቃሉ፣ በመካከል ያለው ሰዓት ሰውነታቸው ሳያውቀው ያልፋል። ከአራቱ አንደኛው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጥል ነበር። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ፊሽካ ለምን እንዳስፈለገው ብጠይቀው «ለዲሲፕሊን» አለኝ። ሲያልበው አይቼው አላውቅም። ሆኖም በማክሰኞው የውይይት ክበብ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው እሱ ስለነበር የሊቀ መንበሩ ዓይን አረፈበት።

ሊቀ መንበሩ ከበላይ አካል የተመደበ ካድሬ ነበር። ወዳጅ አገር ሄዶ የስድስት ወር ኮርስ ወስዶ ተመልሷል፤ ኮርሱ ስለ ምን እንደነበር አንድም ቀን አልነገረንም። ከቦርጩ የተነሳ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር እግሩን ሌላ ወንበር ላይ መስቀል ነበረበት። ይህ ሰው ነው እንግዲህ የስፖርት ቤት የሚመራው። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ እዚህ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

አምስተኛው አሰልጣኝ ሌላ ሰው ነበሩ። የቀድሞው ባለቤት ወለል ጠራጊ አድርጎ ነው የቀጠራቸው። እየጠረጉ አይተው አይተው ሙያውን ለመዱት፤ ባለቤቱም አንድ ቀን መጥረጊያውን ተቀብሏቸው ብረቱ ዘንድ አቆማቸው። ቤታቸው ላምበረት ነበር። በሃያ ሁለት አቋርጠው በእግራቸው ይመጣሉ፣ ከሁላችንም ቀድመው ይደርሳሉ። ጋሼ እላቸው ነበር። ሰው በጀርባው ተኝቶ ብረት ሲገፋ ጋሼ ከራስጌው ቆመው ሁለት እጃቸውን ከብረቱ ስር ይዘረጋሉ፤ ሰውየው ጨርሶ እስኪነሳ ዓይናቸውን አይነቅሉም። አንድ ቀን ትልቅ ባለሥልጣን አዳራሹን ሊጎበኝ ገብቶ ሁላችንም ተሰልፈን ስናጨበጭብ፣ ጋሼ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሊቀ መንበሩ ይህን አልረሳላቸውም።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ከበላይ ሰርኩላር መጣ። ማንኛውም አሰልጣኝ ተፈትኖ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ካልያዘ ሰው ማሠልጠን አይችልም ይላል። ሳነበው ደስ አለኝ። አራቱ ተጠርገው ይወጣሉ፣ ጋሼ በስተርጅና ማዕረግ ያገኛሉ ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ሌላ ማመካኛ የለኝም።

ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስተማርኳቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሊቀ መንበሩ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። የክንድ ጡንቻ እንዴት እንደሚሳብና እንደሚረግብ ሳስረዳ እጁን አወጣ።

«ጓድ፣ ይህ ጡንቻ በምርት ውስጥ ያለው ሚና አልተገለጸም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጡንቻ ሚና ተሰጠው። የጭኑ ለእርሻ፣ የጀርባው ለጭነት፣ የደረቱ ለአገር ጥበቃ ዋለ። የአንገቱ ትንሽ አስቸገረን። ባለፊሽካው ተነስቶ «ወደፊት ቀና ብሎ ለማየት ነው» አለ፤ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ።

ጋሼ ከፊት ተቀምጠው፣ በመሠረተ ትምህርት በለመዷቸው ትልልቅ ፊደላት ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ሚናውን አይጽፉም፤ ጡንቻውን ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይህኛው የሚጎዳው ሲሳብ ነው ወይስ ሲዞር?» ይሉኛል። ከአምስቱ መካከል ጥያቄ ሲጠይቅ የሰማሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚጠይቁት ሻይ ስንት ሰዓት እንደምንወጣ ነበር።

ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው፤ ጽሑፍ፣ ተግባርና ግለ ሂስ። ሦስተኛው በዚያ ዘመን ላልኖረ ሰው ግር ሊለው ይችላልና ላስረዳ። ሰው ሲመዘን በኮሚቴ ፊት ቆሞ የገዛ ጉድለቱን ይናገራል፤ ደንቡ ይህ ነው። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጽፈው ሌላው ደንብ ደግሞ እውነተኛ ጉድለት እንዳይነገር ነው። ሰው ጉድለት የሚመስል ምስጋና ለራሱ አዘጋጅቶ ይመጣል። «ከመጠን በላይ በመሥራት ጤናዬን እዘነጋለሁ» ይላል፤ ወይም «ደካማ ጓዶችን ስደግፍ ለቤተሰቤ ጊዜ አጣለሁ»። ኮሚቴው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሊቀ መንበሩ «ጤናማ ግለ ሂስ ነው» ይላል፣ ተናጋሪው ያዘነ መስሎ ይቀመጣል። እኔም የራሴ ነበረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ለሥራ ስለምቸኩል ሰው አስቀይማለሁ» ስል ኖርኩ፤ ታዲያ ለምን አልታረምሽም ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በፈተናው ዕለት ጠዋት የጥያቄ ወረቀት እየለየሁ ሳለ ጋሼ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ግለ ሂሱ ላይ ምን ይባላል?»

«ያለብዎትን ጉድለት ይናገራሉ፣ በቃ» አልኳቸው። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ተንኮል አልነበረኝም። ጡንቻ ሳስተምር ሦስት ወር ስፈጅ፣ ይህ ደግሞ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር ነው ብዬ አልገመትኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ያህል ዓመት ኖሮ፣ በየቀበሌው ስብሰባ ተቀምጦ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ? አራቱን ስንቅ ስለኖርኩ ሰው ሁሉ እንደነሱ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።

በጽሑፉ ባለፊሽካው የጡንቻዎቹን ሚና አንድም ሳያዛንፍ ጻፈ፤ ጡንቻዎቹን ግን አቀያየራቸው፣ እርሻውን ለአንገት ሰጠው። በተግባሩ ፊሽካ ነፋ። ጋሼ የጽሑፉን በጭንቅም ቢሆን አለፉ፤ በተግባሩ የሚደርስባቸው አልነበረም። ከዚያ ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ሊቀ መንበሩ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ፣ እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ።

ባለፊሽካው ተነስቶ «ለጓዶቼ ካለኝ ፍቅር የተነሳ ስህተታቸውን ፊት ለፊት ለመንገር እቸገራለሁ» አለ። ጤናማ ተባለ። ቀጥሎ ጋሼ ተነሱ። ቱታቸውን አጥበው ተኩሰውታል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ባለፈው ዓመት አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ብረት ሲገፋ እሳቸው ከራስጌው እንደነበሩ ተናገሩ። መስኮቱን ነፋስ አላተመውና ዞር አሉ። ብረቱ ወረደ፣ የሰውየው የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ሰውየው አዘነላቸውና «መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ነው» ብሎ ሐኪም ቤት ሄደ፤ እኛም አመንን።

«አላዳለጠውም» አሉ ጋሼ። «እኔ ነኝ። ዓይኔን ነቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቢፈርስ ዞር አልልም። ጉድለቴ ይህ ነው።»

በዚያ ክፍል ስለ ሙያችን የተነገረው ብቸኛ ቁም ነገር ይህ ነበር። ለአሰልጣኝ ወረቀት የሚሰጠው በዚህ ካልሆነ በምን ይሰጣል? ሊቀ መንበሩ ግን ደነገጠ። እውነተኛ ጉድለት ሲሰማ የመጀመሪያ ቀኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ወደ ማኅበሩ ተወካይ ዞረ፤ ተወካዩ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ቃል በቃል አስፍሪው።»

አሰፈርኩት። ነገሩን ማለስለስ እችል ነበር። ጋሼም አይከሱኝም፣ ሊቀ መንበሩም ቃለ ጉባኤ አንብቦ አይጨርስም። ግን የእጅ ጽሑፌ ይመሰገን ስለነበር ለመስመሩና ለነጥቡ እየተጠነቀቅሁ፣ «ዓይኔን ነቀልኩ» የሚለውን ሳይቀር በጥሩ ፊደል ጻፍኩት። ሌሎቹን የምንቃቸውን ያህል ያን ዕለት ራሴን ብንቅ ኖሮ ብዕሩን አስቀምጥ ነበር።

በሳምንቱ ውሳኔው ተለጠፈ። አራቱ አለፉ። ጋሼ «በሠርቶ አደሩ ጤና ላይ ባሳዩት ቸልተኝነት» ከአሰልጣኝነት ተነስተው ለስድስት ወር ፎጣ አዳይ እንዲሆኑ፣ ከዚያ ድጋሚ እንዲመዘኑ ተወሰነ። የአራቱን የብቃት ወረቀት በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ። ባለፊሽካው የሱን በፍሬም አሠርቶ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው።

የፎጣው መስኮት ከብረቱ ፊት ለፊት ነበር። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ፎጣ እያደሉ፣ በሳቸው ቦታ የቆመውን ባለፊሽካ ያያሉ። እሱ ከሰው ራስጌ ቆሞ መስታወት ውስጥ ፀጉሩን ያስተካክላል፤ ሴት ስትገባ ሊቀበል ይሄዳል። ጋሼ ሁለት ጊዜ ከመስኮቱ «ያዘው» ብለው ጮኹ፤ በሥራ ጣልቃ ገብነት የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ማስጠንቀቂያውን የሰጠው ሊቀ መንበር ደግሞ ወገቡ በያዘው ቁጥር የፎጣውን ክፍል ከውስጥ ቆልፎ በጋሼ እጅ ይታሽ ነበር። አንድ ቀን ሸሚዙን እየከተተ ሲወጣ አገኘሁት። «እጃቸው መድኃኒት ነው» አለኝ። ወረቀት የላቸውም እኮ ልለው ፈለግሁና ዋጥኩት።

ስድስት ወሩ ሊሞላ ሲል ጋሼ ክፍሌ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ ትናንት ያ ሰው ብረት ስር አንዱን አስተኝቶ ስልክ ሊያነጋግር ሄደ። ዘልዬ ባልይዝለት ብረቱ አንገቱ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሳልደርስ እቀራለሁ፣ ሰው ይሞታል። ወደ ቦታዬ ልመለስ። የሚባለውን አስተምሪኝ።»

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ፈጀብን። ጋሼ ያመጡት ጉድለት ሁሉ እውነት ሆኖ ይገኛል። «አንዳንዴ ቁርስ ሳልበላ እመጣለሁ» አሉ። እውነት ነው ወይ ብላቸው እውነት ነው አሉ፤ አይሆንም አልኳቸው። «ሲመሽ ይደክመኛል» አሉ፤ ያማ ፎጣው ጋር ሊያስቀራቸው ነው። በመጨረሻ እኔው አዘጋጀሁላቸው፤ «ሥራዬን ከመውደዴ የተነሳ የዕረፍት ሰዓቴን እረሳለሁ።»

«ይሄ ጉድለት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ብለው ይጽፉታል?»

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ይበሉት።»

ደብተራቸውን አውጥተው ከጡንቻዎቹ ስም ስር ጻፉት። ሲጽፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

በድጋሚው ምዘና ግድግዳውን እያዩ አንድ ቃል ሳይሳሳቱ በቃላቸው ወጡት። ሊቀ መንበሩ ፊቱ በራ። «ጤናማ ግለ ሂስ ነው። ጓድ ከስህተታቸው ተምረዋል» አለ። እኔም ቃል በቃል አሰፈርኩ።

ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን ስሰጣቸው ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው አላነበቡትም።

«ያንን ባለፊሽካም እንዲህ ማለት ያስተማርሽው አንቺ ነሽ?»

«የለም ጋሼ። እነሱ ሲመጡም ያውቁት ነበር።»

«ጡንቻውንስ?»

«እሱንማ አልያዙትም።»

«እንግዲያው በዚህ ቤት ካንቺ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ የተቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ብረቱ ሄዱ።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ስጽፍ «የሠለጠኑ አሰልጣኞች ብዛት» በሚለው ላይ አምስት ብዬ ሞላሁ። ትክክለኛው አንድ ነበር። እሳቸውም ሙያውን ከእኔ በፊት ያውቁት ስለነበር፣ እኔ ያሠለጠንኳቸው መዋሸት ነው።