አልታየሽ ዴልሂ ላይ ልቅሶ ደረሰች

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017)፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቴ አልታየሽ ለንደን ኬንቲሽ ታውን በሚገኘው ቤቷ አረፈች። ምግብ ጠረጴዛዋ ላይ የዴልሂ ጉዞዋ የፎቶ አልበም ተከፍቶ ነበር። ስልሳ ሦስት ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ ከሥራቸው የተጻፈባቸው ሠላሳ ስምንቱ ናቸው። በሠላሳ ዘጠነኛው ሥር «እኚህ እናት» ብላ ጀምራ ትታዋለች። ፎቶው ላይ አንዲት አሮጊት ደፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው፤ ሰው ያልጨረሰውን ጽሑፍ አልጨርስለትም። የዚያን ጉዞ ታሪክ ግን መጻፍ እችላለሁ። አብሬ አልሄድኩም። እዚህ ያሰፈርኩት አልታየሽ ከነገረችኝ ውስጥ አብረዋት የተጓዙት አቶ ተክለሚካኤል ወይም ልጃቸው ሳባ ያረጋገጡልኝን ብቻ ነው።

አልታየሽ በ1951 ዓ.ም. ጉለሌ ተወለደች። ማንበብና መጻፍ የተማረችው ሃያ ዓመት ሞልቷት በመሠረተ ትምህርት ነው። በ1983 በሱዳን በኩል ለንደን ገባች፤ ከዚያም አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራች። የመንገድ ስም አይያዝላትም ነበር። ለንደንን ያወቀችው ጉለሌን ባወቀችበት መንገድ፣ በምልክት ነው። ከደብተሯ ልጥቀስ፦ «ሃርልስደን። ከብረቱ ሰዓት ወደ ታች፣ ዓሣ ሻጩን አልፎ፣ መጋረጃው አረንጓዴ የሆነው ፎቅ፣ ሁለተኛው ደወል።» ሌላው ገጽ ላይ፦ «ኤሌፋንት። የዝሆኑን ሐውልት ከኋላ አድርጎ እስከ ልብስ ማጠቢያው። ባልኮኒው የተሰበረ።» ሁለቱም ልቅሶ የደረሰችባቸው ቤቶች ናቸው። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር እንዲሁ ነው፤ ፖስት ኮድ አንድም ቦታ የለበትም።

«ልብስ ማጠቢያው ቢዘጋስ?» ብያት ነበር አንድ ቀን።

«ታዲያ ምን ቸገረኝ? የተዘጋው ልብስ ማጠቢያ እለዋለኋ!»

በ1994 ዓ.ም. ኬንቲሽ ታውንና አካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ያቋቋሙት ዕድር አለ። ዳኛው አቶ ተክለሚካኤል ናቸው፤ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ለንደን ውስጥ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። ሳቂታ ናቸው፤ ደንብ ሲነሣ ግን ሳቃቸው ይጠፋል። ጥቅምት 2003 ላይ ደግፌ የሚባል ሰው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ በአንድ ሆስቴል ውስጥ ሞተ። አልታየሽ ሰምታ ነገሩን ለስብሰባ አቀረበች።

«አባል ነበር?» አሉ አቶ ተክለሚካኤል።

«አልነበረም።»

«የአባል ዘመድስ?»

«ዘመድ ቢኖረው መች እዚህ አነሣዋለሁ፣ ጋሼ?»

«ደንቡ አባልና የአባል ቤተሰብ ነው የሚለው። ዛሬ ለአንዱ ብንከፍተው ነገ በሩን ማን ይዘጋዋል?»

እጅ ወጣ። ስድስት ደገፏት፣ ሃያ ሁለት ተቃወሙ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ።

ብቻዋን ሄደች። የሆስቴሉ ኃላፊ ምኑ እንደሆነች ሲጠይቃት «ጎረቤቱ» አለችው፤ ከቤቷ እዚያ ለመድረስ አውቶቡስ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ተቀምጣለች። ሦስት ቀን ተመላልሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በጋራ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠች። ሌላ ሰው አልመጣም።

በዚያው የለንደን ክረምት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሳነብላት እዚህ ቦታ ላይ አስቆመችኝ። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ዴልሂን የገዛች ራዚያ የምትባል ንግሥት ነበረች። የፈረሶቿ አለቃ ያቁት የተባለ ሐበሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1240 ያመፁባት መኳንንት ገደሉት፤ እሷም በዚያው ዓመት ሞተች።

«ባልደራስ ነበር በይኛ» አለችኝ። «ማን አለቀሰለት?»

«አልተጻፈም።»

«መቃብሩስ?»

«አይታወቅም። የሷ ነው የሚባለው ግን አሮጌው ዴልሂ ውስጥ አለ። ሌሎች ከተሞችም እኛ ዘንድ ነው ይላሉ።»

«የእመቤቱ ደጅ ካለ ይበቃል። ሬሳ ባይገኝም ቤት ይደረሳል።»

የቀለደች መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ዕድሩ አሥረኛ ዓመቱን በጉዞ ሊያከብር ሲነሣ፣ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራው ሳባ ለዴልሂ ጥሩ ትኬት አገኘች። የት እንሂድ ለሚለው እጅ ከመውጣቱ በፊት ከሴቶቹ ጋር አንድ በአንድ የተነጋገረችው አልታየሽ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት።

ኅዳር 2004 ላይ ዘጠኝ ሆነው ሄዱ። የሚታየውን ሁሉ አዩ። ቀዩን ምሽግ ዞሩ፤ የጃማ መስጊድን ደረጃ ከዘጠኙ አንዷ ወይዘሮ ሓዳስ በታመመ ጉልበታቸው እየቆጠሩ ወጥተው፣ ላይ ሲደርሱ እልል አሉ። ቁጥብ ሚናር የሚባለው ረጅም ግንብ ላይ አረንጓዴ በቀቀኖች ከድንጋዩ ስንጥቅ ሲወጡ አቶ ተክለሚካኤል ከአስጎብኚ መጽሐፍ እያነበቡ ያስረዱ ነበር፤ ማንም አይሰማቸውም፣ ሁሉም ወፎቹን ያያል። አግራ ሄደው ታጅ ማሃል ፊት ዘጠኙም በአንድ አግዳሚ ተጨናንቀው ፎቶ ተነሡ። አልታየሽ በሁሉም ፎቶዎች ላይ ትስቃለች። ለራሷ የለመነችው የመጨረሻውን ጠዋት ብቻ ነው።

«መቃብር ፍለጋ?» አሉ ወይዘሮ ሓዳስ። «መቃብር ለንደን ጠፍቶ ነው፣ አንቺ?»

አቶ ተክለሚካኤል ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ገብቷቸዋል። «ጠዋቱን እሰጥሻለሁ» አሏት በእራት ላይ። «ካላገኘሽው ግን የደግፌን ጉዳይ ዳግመኛ በስብሰባ አታነሺም።»

«ካገኘሁትስ?»

«ካገኘሽው እኔው ራሴ አጀንዳ አስይዛለሁ።»

«ሳባ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ባትወራረድ ይሻልሃል።»

በነጋታው፣ ኅዳር 7፣ ማታ ይበራሉ፤ ከሆቴሉ የሚወጡት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒባስ እንዲመጣ ተስማሙ፤ ለሾፌሩ የጽሑፍ መልእክት የላኩት አቶ ተክለሚካኤል ናቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሚኒባስ የለም። ሦስት ተኩል ሆነ። ሳባ የአባቷን ስልክ ተቀብላ መልእክቱን አነበበችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባቷ «በሦስት ሰዓት» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ሾፌሩ ከቀትር በኋላ ይመጣል ማለት ነው።

«ሠላሳ አምስት ዓመት ባቡር ላይ!» አሉ ወይዘሮ ሓዳስ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሰዓት ሲያዩ ኖረው!»

«ስለ ነገ በአማርኛ ስናወራ ቆይተን ነው የጻፍኩት» አሉ አቶ ተክለሚካኤል፤ ጆሯቸው ቀልቷል። «እንግዲህ ቀረ። ጊዜ የለንም።»

«እኔ አልቀረሁም» አለች አልታየሽ። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አዘቅዝቃ ለበሰች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።

ተከተሏት። ሰው በሚጎትታቸው ባለሦስት ጎማ ብስክሌቶች ተከፋፍለው ተሳፍረው ተርክማን የሚባለው አሮጌ የድንጋይ በር ድረስ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ሰው ትከሻ አይበቃም። አቶ ተክለሚካኤል ስልካቸውን አውጥተው ከፊት ሆኑ። ካርታው ላይ ያለው ሰማያዊ ነጥብ አንዴ ከቤት ጣሪያ ላይ ይቆማል፣ አንዴ ጀርባ ካለው መንገድ። ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር አጋፈጣቸው። በሦስተኛው ጊዜ ራሳቸውን ከጀመሩበት በር ሥር አገኙት። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«እንግዲህ ስልኩ ያጣውን አንቺ ታገኚዋለሽ?» አሉ አቶ ተክለሚካኤል።

«ስልኩ ሰው መች ጠየቀ፣ ጋሼ?»

አንድ ወጣት እየሮጠ መጥቶ ላሳያችሁ አለ። አመስግና አሳለፈችው። መንገድ የሚጠየቀው ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ነው፣ መንገደኛ እሱም እየፈለገ ነው ትል ነበር። ሻይ የሚያፈላውን ጠየቀች። ዳቦ ከእቶን የሚያወጣውን ጠየቀች። ወንፊት የሚጠግነውን ጠየቀች። የምታውቀው ቃል አንድ ነው፦ «ራዚያ»። ቀጥላ ጉንጯን መዳፏ ላይ ታስተኛለች፣ ከዚያ እጇን ወደ መሬት ታወርዳለች። ሻይ የሚያፈላው ወደ ግራ አመለከተ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ወንፊት ጠጋኙ ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ ሄደች። ስትሄድ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች፦ «የታሰረች ፍየል። የተሰነጠቀ ደረጃ። ሰማያዊ በር፣ መዝጊያው አንድ ክንፍ።» ወይዘሮ ሓዳስ ከኋላ እየደገሙ ይቀበሏታል፤ ሳባ እየሳቀች ትከተላለች።

ሰማያዊው በር ደፍ ላይ አንዲት አሮጊት ምስር ይለቅማሉ። አልታየሽ ጎንበስ ብላ ቃሏን ተናገረች። አሮጊቷ ቃሉን አልሰሙም፤ ያዩት ነጠላዋን ነው። አንገቷ ላይ የወጣውን ጥለት፣ በአንድነት የቆሙትን ዘጠኝ ሰዎች ተራ በተራ ተመለከቱ። ሰፌዱን አስቀመጡና ተነሡ። የሻሻቸውን ጫፍ ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው ፊት ፊት ሄዱ። ልቅሶ ቤት የሚመራ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳባ «ልክ እንደሱ ነበር» ብላኛለች።

ሦስት ጊዜ ታጠፉ። ከፍ ባሉ ቤቶች መካከል ጣሪያ የሌለው ትንሽ የድንጋይ ግቢ አለ። ሁለት መቃብሮች ጎን ለጎን፣ ስም ያልተጻፈባቸው፣ ከሰማይ በስተቀር ሽፋን የሌላቸው። ከላይ ያለው መስኮት ላይ የታጠበ ልብስ ተሰቅሏል። የዴልሂ ንግሥት መቃብር የሚባለው ይኼው ነው።

«አገኘችው!» ብላ ሳባ ጮኸች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

አልታየሽ መጀመሪያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። በሁለት እጇ እጃቸውን ይዛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻቸው በአማርኛ፤ አሮጊቷም በራሳቸው ቋንቋ መለሱላት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ሓዳስ ጉልበታቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ በመጨረሻ አቶ ተክለሚካኤል። ቆባቸውን አወለቁ።

«ለማን ነው እንግዲህ?» አሉ፤ የለመዱትን ቀልድ ሞክረው። «ለንግሥቷ ነው ወይስ ለባልደራሱ?»

«ለባልደራሱ፣ ለያቁት። አገሩ የማይታወቅ፣ ዘመድ ያልመጣለት» አለች አልታየሽ። «ለሱ ሰባት መቶ ሰባ አንድ ዓመት ዘግይተን ደረስን፣ ጋሼ። ዘጠኝ ሆነን፣ ባሕር ተሻግረን። ደግፌ ዘንድ በአውቶቡስ አርባ አምስት ደቂቃ ነበር።»

ወይዘሮ ሓዳስ ማልቀስ ጀመሩ። አቶ ተክለሚካኤል ቆባቸውን ጭናቸው ላይ ሁለት ጊዜ አገላበጡት።

«የአባቱ ስም ማን ነበር?»

«የያቁት?»

«የደግፌ።»

«አላውቅም። ማንም አልነገረኝም።»

«እንፈልጋለን» አሉ። ተነሥተው ቆሙና አባታችን ሆይን ጀመሩ፤ ስምንቱም ተቀበሏቸው። አሮጊቷ እስኪጨርሱ ቆመው ጠበቁ። ሲወጡ አልታየሽ ደፋቸው ላይ አስቀምጣ ፎቶ ያነሣቻቸው ያኔ ነው።

መመለሻውን መራቻቸው፦ ሰማያዊው በር፣ የተሰነጠቀው ደረጃ፣ ፍየሏ። ፍየሏ የለችም። «የነበረችበት ገመድ!» ብላ ጮኸች፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሳቁ፤ በገመዱ ታጠፉ። ተርክማን በር ላይ ሲወጡ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ወይዘሮ ሓዳስ ከመንገዱ መካከል ቆመው እልልታቸውን አቀለጡት፤ የዴልሂ ብስክሌት ነጂዎች በደወል አጀቧቸው። ሾፌሩ «ደርሻለሁ፣ ሆቴሉ በር ላይ ነኝ» ብሎ የደወለው አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ነው። አቶ ተክለሚካኤል ይቅርታ ጠይቀው ስልኩን ለሳባ ሰጡ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ጥር 2004 ላይ አጀንዳውን ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው፤ ከማቅረባቸው በፊት ሦስት ሳምንት ደውለው የደግፌን አባት ስም አግኝተው ነበር። «ደግፌ ባፈና» ብለው ጀመሩ። ደንቡ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ዘመድ የሌለው ወገን ሲሞት ዕድሩ እንደ አባል ይደርሳል። ሠላሳ አንድ እጅ ደገፈ፣ አራት ተቃወመ። አልታየሽ እጇን ማውረድ ረስታ የደጋፊዎቹ ቆጠራ ካለቀ በኋላም አንሥታው ቆየች፤ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ብዬ እኔ አወረድኩላት።

ከዚያ ቀን እስከ ሞተችበት ድረስ ዕድሩ በዚያ መስመር አሥራ አራት ቤት ደርሷል። ሰዎቹ ቤቱን የሚያገኙት ከደብተሯ በተቀዳ አቅጣጫ ነበር፤ ሳባ ፖስት ኮዱን ከጎኑ ትጽፍበታለች፣ አብዛኛው ሰው ግን የሚያነበው የአልታየሽን ነው። የመጨረሻዋ ሮማንወርቅ የምትባል ሴት ናት፤ ሃርልስደን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን የኖረች። ሦስቱን ቀን አሥራ ዘጠኝ ሰው ተመላለሰ፤ ወንበር ጎድሎ ደረጃ ላይ የተቀመጡ ነበሩ።

ከማረፏ ሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን፣ አልታየሽ ለልቅሶው የወጡትን ሁለት የዕድሩ ፔርሙሶች በሙቅ ውሃና በጨው አጥባ፣ ገልብጣ አድርቃ፣ በአውቶቡስ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ወሰደች። መዝገቡ ላይ በእጇ ጽፋለች፦ «ፔርሙስ ሁለት። ታጥቦ ተመልሷል። የአንዱ ክዳን ላልቷል።» ፈርማ፣ ቁልፉን ለዘበኛው መልሳ ወጣች።