ከወንዙ ማዶ ያለው መዋዕለ ሕፃናት

ዌንደል ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። በዊኒፔግ ብርድ ማሞቂያ ጠጋኝ እንደ ሐኪም ነው የሚጠበቀው። በር ከፍተው “ደረስክልን፣ ተባረክ!” ይሉታል፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርደውን ደረጃ ያሳዩታል፣ ከዚያ ይረሱታል። እሱ እዚያ ታች ተንበርክኮ ሲፈታና ሲገጥም ከራሱ በላይ የሰው ኑሮ ይሰማል፤ ልጅ ይሮጣል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ባልና ሚስት ስለ እራት ይነታረካሉ። ማሞቂያው ሲነሳ “ኡፍ፣ ተመስገን!” የሚል ድምፅ ከላይ ይመጣል። ዌንደል ዕቃውን ሰብስቦ በጓሮ በር ይወጣል።

እንዲህ ስላችሁ ጨለምተኛ እንዳይመስላችሁ። ደህና ሰው ነው፤ ቀልድ ያውቃል፣ ለማንም ክፉ አያስብም። ብቻውን ነው እንጂ። ሚስቱ ኦዴት ከሞተች ይኼ ሁለተኛው የበረዶ ወራት ነው፤ በሽታው ጊዜ አልሰጣትም። የቀረችለት ማርጎ ናት፤ አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ጠጉሯ የእናቷ፣ ግትርነቷ የአባቷ። ከሥራ ሲመለስ ከሷ ጋር ይበላል፣ ከሷ ጋር ይጫወታል፣ እሷ ከተኛች ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባው ለዴል “ከዚያ በኋላ የማወራው ከገዛ ማሞቂያዬ ጋር ነው” ብሎታል። ዴል “መልስ ከሰጠህ ጥራኝ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው” አለና ሳቀ። ዌንደልም አብሮት ሳቀ፤ ምን ያድርግ!

እሱ ሥራ ሲውል ማርጎን የሚይዙለት ጎረቤቱ ወይዘሮ ኮራ ነበሩ። አንድ ማለዳ ልጅቷን ሊያስረክብ ሲያንኳኳ በሩ ላይ ያዙት።

“ዌንደል፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ካልጋሪ ያለውን ልጄን ና ውሰደኝ ስለው ቆይቼ አሁን እሺ ብሎኛል። ወሩ ሲያልቅ መሄዴ ነው።”

“ማርጎስ?”

“ማርጎማ መዋዕለ ሕፃናት ትግባ እንጂ! እኩዮቿን ትልመድ። ከአሮጊት ጋር ውላ ውላ እኮ እንደኔ ወገቧን ይዛ መሄድ ጀምራለች።”

እውነታቸውን ነበር፤ ይዛለች።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው የሞግዚቷ የዶሪን ቤት ነው፤ ከዌንደል መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ የዴል ልጆች ያደጉበት፣ እንደ ዌንደል ቤት ሁሉ ነገሩ በእንግሊዝኛ የሆነ። ሁለተኛው ከቀይ ወንዝ ማዶ ሳን ቦኒፋስ የሚባል ሰፈር ያለው ነው፤ እዚያ የሚዋለው በፈረንሳይኛ ነው። የኦዴት ወገኖች ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምረው በዚህ ሜዳ ላይ ፈረንሳይኛ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። ኦዴትም ለልጇ ሌላ ቋንቋ አታወራም ነበር፤ ስታጥባትም፣ ስታጎርሳትም፣ ስታስተኛትም በዚያው። እሷ ስትሞት ፈረንሳይኛው ከቤቱ አብሯት ወጣ።

ዌንደልን እንቅልፍ የነሳው ይኼ ነው። ማርጎ ከእናቷ ምን ቀርቷታል? ፊቷን የምታውቀው ከፎቶ ነው። ድምፅዋን ረስታዋለች። ያ ቋንቋ ግን እናቷ በገዛ አፏ ያጎረሰቻት ነው፤ እሱም ከጠፋ ልጅቷ እናት ኖሯትም አላወቀች። በሌላ በኩል ዌንደል ፈረንሳይኛ የሚባል ነገር አይሰማም። ያለችውን አንዲት ልጅ እሱ ወደማይገባበት ቤት ሊያስገባት ነው። ይኼንንም ያስባል፣ ያንንም ያስባል፣ ሲነጋ ደክሞት ይነሳል።

ዴል መኪና ውስጥ ጉዳዩን ሲሰማ ሳንድዊቹን አውርዶ አፈጠጠበት።

“አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ማታ መጥታ የዋለችበትን ስትነግርህ ማን ሊተረጉምልህ ነው? እኔ?”

“ለኔ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች።”

“አሁን ነው እንጂ! አሥር ዓመት ሲሆናት በፊትህ እያማችህ አንተ ‘ጎበዝ የኔ ልጅ’ እያልክ ራስህን ትነቀንቃለህ።”

“ካማችኝም ትማኝ፤ እናቷም ስታማኝ ነው የኖረችው።”

ዴል ሊስቅ ከጀለና የዌንደልን ፊት አይቶ ተወው። ሳንድዊቹን አነሳ።

እሁድ ዌንደልና ማርጎ እንደ ልማዳቸው ወደ አያቷ ሄዱ። የኦዴት እናት ከከተማው ደቡብ አንዲት የገበሬዎች መንደር ነው የሚኖሩት፤ ሁሉም ሜሜር ነው የሚላቸው፣ አያቴ ማለት ነው። ምሳው እንደ ወትሮው ቱርቲየር ነበር፤ የተፈጨ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው። ገበታው ዙሪያ ወንድም፣ እህት፣ የአጎት ልጅ ሞልቶ ነበር። በዚያ ቤት ደግሞ አንድ ጨዋነት አለ፤ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ያ ወገን በሙሉ እንዲያው ነው። ገበታው ሙሉ ፈረንሳይኛ ሲያወራ አንድ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከተቀመጠ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ማንም ማንንም አያዝም። ሜሜር ዓይናቸውን ሰውየው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ከመካከሉ ያዞሩታል፣ ሌላው ይከተላል። እንግዳ ማስቀየም ነውር ነው። ዌንደል አማች ሆኖ ስንት ዓመት ሲበላ ሲጠጣ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው፤ ቋንቋውን ያልለመደውም በዚሁ ደግነት ነው። ሰው በደግነት ይጎዳል ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ሜሜር ወሬውን ሲሰሙ ሹካቸውን አስቀመጡ። “ልጄ፣ እኔ ምን እላለሁ? እሷ ያንተ ናት። የሚቀርብህን ምረጥ።”

የኦዴት ወንድም ኖርማን ግን አልቻለም። “ሜሜር ፈርታህ ነው እንጂ እንዲህ አትልም። እዚህ ለአንድ ሳምንት ተዋት ብንልህ ወይ ፍንክች! እሷ ወደ ጓሮ ስትወጣ አንተ ተከትለህ፤ ላሞቹ ጋ ስትሄድ አንተ ተከትለህ። ልጅቷ ጥላ አያስፈልጋትም እኮ!”

“ኖርማን!” አሉ ሜሜር።

“ውሸት ተናገርኩ?”

አልዋሸም። ዌንደል አቀርቅሮ ቱርቲየሩን ቆረሰ። እሷን ትቶ ባዶ ቤት መግባት አይችልም፤ ይኼን ደግሞ በሰው ፊት እንዴት አድርጎ ይናገረዋል?

በሳምንቱ ዶሪን ጋ ወሰዳት። እንከን ሊያወጣ ነበር የሄደው፤ ምኑን ያውጣ! ቤቱ ሞቃት፣ ወለሉ ንጹሕ፣ ዶሪን ራሷ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ልጅ የሚንጠለጠልባት ሴት። መስኮቱ ሥር ጎጆ ውስጥ ግራጫ ጥንቸል አለች። ማርጎ ጎጆው ፊት ቁጢጥ አለች፤ ከዚያ የሚያስነሳት ጠፋ።

“ሰኞ ይዘሃት ና” አለችው ዶሪን። “ቡና እዚሁ ትጠጣለህ፤ አባቶች ጠዋት ጠዋት እዚህ ነው የሚሰባሰቡት።”

ለዌንደል ይኼ ቀላል ነገር አልነበረም። የሚጠብቀው ሰው፣ የሚያወራው ሰው። እሺ ሊል አፉ ላይ ደርሶ “ደውዬ ልንገርሽ” ብሎ ወጣ። መኪናው ውስጥ ማርጎን ቀበቶ ሲያስራት ጠየቃት።

“ማርጎዬ፣ ማሚ ጥንቸልን ምን ነበር የምትላት?”

ማርጎ አየችው። ከንፈሯን ከፈት አደረገች፣ መልሳ ገጠመች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ “ጥንቸል” አለችው።

ቋንቋው ጠፍቷል ማለት ነው። እሱ ይህን ልምረጥ ያን ልምረጥ ሲል ልጅቷ ረስታ ጨርሳለች። መኪናውን ሳያስነሳ ወንዝ ማዶ ላለው መዋዕለ ሕፃናት ደወለ።

ኃላፊዋ ማዳም ሶላንዥ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ማርጎን በፈረንሳይኛ ሰላም አለቻት፤ ቀና ስትል ዌንደልን አየችና ወዲያው በእንግሊዝኛ፣ “እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብርዱ እንዴት ነው?” አለች።

“ማዳም፣ እባክዎ እሷን በቋንቋችሁ ያናግሯት” አላት ዌንደል። “ለኔ አይጨነቁ።”

ከልጆቹ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ የዌንደል ጉልበት አገጩ ጋ ደረሰ። ሶላንዥ ቀይ ኳስ አነሳችና የሆነ ነገር ጠየቀች። ማርጎ በእንግሊዝኛ “ቀይ ነው” አለች። ሶላንዥ ሌላ ጠየቀች። ማርጎ አሁንም በእንግሊዝኛ መለሰች። በሥዕል ሞከረች፣ በአሻንጉሊት ሞከረች፤ ያው ነው። ሶላንዥ መነጽሯን አወለቀች።

“አቶ ዌንደል፣ እውነቱን ልንገርዎ። እኛ ጋ ልጆቹ ቋንቋውን ከቤት ይዘው ነው የሚመጡት። ቤት ውስጥ የሚያናግራት ከሌለ እዚህ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነው የምትሆነው። ልጅ በሰው መሃል ብቻዋን ስትሆን ደግሞ አያምርም።”

“አውቀዋለሁ” አለ ዌንደል። “እናቷ ግን ሌላ አታናግራትም ነበር። ሌላ የተወችላት ነገር የለም።”

ሶላንዥ መነጽሯን መልሳ አደረገች። እንደገና አሻንጉሊቱን አንሥታ፣ በለሆሳስ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ዌንደል አሁን አሻንጉሊቱን ሳይሆን ልጅቷን ነበር የሚያየው። ማርጎ ከመመለሷ በፊት ዓይኗን እሱ ላይ ጣል አደረገች። አንድ አፍታ ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ መለሰች።

አወቀው። ሜሜር ገበታ ላይ ቋንቋ ከማዞራቸው በፊት ጣል የሚያደርጉት ዓይን ነው! ልጅቷ አልረሳችም፤ አባቷን እንዳታስቀይም ነው። ከአያቷ፣ ከገበታው ሁሉ የተማረችውን ጨዋነት እያሳየችው ነው፤ እንግዳው እሱ ነው።

ብድግ አለ። “መኪናው ውስጥ የረሳሁት ነገር አለ። መጣሁ፣ ማርጎዬ። ከማዳም ጋር ተጫወቺ።”

“ጥለኸኝ አትሂድ!”

“በሩ ጋ ነኝ።”

ወጥቶ በሩን ገርበብ አደረገውና ኮሪደሩ ውስጥ፣ የልጆች ካፖርትና እርጥብ ቦት ጫማ መሃል ቆመ። ውስጥ ሶላንዥ ተናገረች። ዝም። እንደገና ተናገረች። ዝም። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ጀመረ፤ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያማ ማን ያቁመው! ማርጎ ታወራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች፣ አሻንጉሊቱን ትገሥጻለች። ሶላንዥ ሳቀች፤ ማርጎም ሳቀች። ከዌንደል ጋር ስታወራ የምትቆጥባቸው፣ እሱ ኦዴት ከሞተች ወዲህ ያልሰማቸው ቃላት እየተንጋጉ ወጡ። አንዱም አልገባው። ቃና ግን ሰው አይረሳም፤ አሻንጉሊቱን የምትገሥጸው በኦዴት አቆጣጥ ነበር፣ የመጨረሻዋን ቃል እየጎተተች። እንባው ግጥም አለ። የሰው ካፖርት ላይ ፊቱን ቀበረ።

ሶላንዥ ልጅቷን ከሌሎቹ ልጆች ጋር አቀላቅላ ወጣች። እሷም ዓይኗ ቀልቷል።

“ይቺማ ታስተምረኛለች እንጂ! አቶ ዌንደል፣ ሰኞ ትጀምር። እኛ ጋ ደግሞ ወላጅ ጠዋት ጠዋት ገብቶ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መጻሕፍት ያያል፤ ደስ ይላል፣ ሁሉም ይቆያል። እርስዎም ይግቡ፣ ይቆዩ።”

ዌንደል ገርበብ ባለው በር አየ። ማርጎ ሁለት ልጆች መሃል ተቀምጣ አፏ አያርፍም።

“አይ፣ እኔ እዚህ በሩ ላይ ነው የማስረክባት” አለ።

“ለምን? ብርድ ነው እኮ! ደግሞ ከሷ ጋር ትንሽ መቆየት አይፈልጉም?”

“ኧረ ከምንም በላይ!” አለ ዌንደል። “ግን ማዳም፣ እኔ ከገባሁ ዝም ትላለች።”