መብራት የቆረጠው የፊልም መጨረሻ

ካምፓላ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ፊልም ስናይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እትዬ የምንላቸው የምግብ ቤቱ ባለቤት፤ ታናሽ ወንድማቸው፤ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ ያላቸው የጅማው ሐጂ፤ ማሽኔን ከሰፈሬ ከሙቱንጎ በቦዳው፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ጭኖ ያመጣው ኡጋንዳዊ፤ አምስተኛው እኔ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ማሽኑን የሠራሁት ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ነው። የደረቀ በርበሬ ጭራ ይቀነጥሳል። ሐጂ ሱቅ ሴቶች እያስነጠሳቸው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ይቀነጥሳሉ። ሐጂ "ፊልሙ ይለቅና አየዋለሁ፤ ከሠራ ለሱቄ እወስደዋለሁ፣ ሌላም ትሠራልኛለህ" ብለውኛል። ሁለት ዓመት የለፋሁት ይህችን ለመስማት ነበር።

ፊልሙ ድምፅ የሌለው የድሮ ኮሜዲ ነው። አንድ ፈልሳፊ እንቁላል የሚልጥ ማሽን ሠርቶ ለአንድ ሀብታም ያሳያል። ካምፓላ ውስጥ በየቪዲዮ ቤቱ ፊልም የሚተረጉም ሰው አለ፤ ተዋንያኑ ያላሉትን ሁሉ እየጨመረ ያስቃል። የእትዬ ወንድም ይህን ለምዶ በአማርኛ ይተረጉምልን ነበር። ደግሞ ይችልበታል። ማሽኑ እንቁላሉን ሀብታሙ ግንባር ላይ ሲያፈርጠው ሐጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እዚያ ላይ መብራት ሄደ።

መብራት ከሄደ ቀሪውን ተርጓሚው በአፉ ይጨርሳል፤ ልማዱ ነው። እሱ ግን መጨረሻውን አላየውም። ፊልሙን በፍላሽ ያመጣሁትም፣ እስከ መጨረሻው ያየሁትም እኔ ነኝ። ፈልሳፊው የላላ ቀበቶ ያጠብቃል፤ ማሽኑ እንቁላሉን አንዲት ጭረት ሳይተው ይልጠዋል፤ ሀብታሙ አንስቶ ይበላል፤ ያልቃል።

"ከዚያማ" አለ ወንድምየው፣ "ሀብታሙ ማጅራቱን ይዞ አስወጣው። 'ሂድ ወዲያ፣ እንቁላል የሚላጠው በጥፍር ነው!' አለው። ሰውዬው ብረቱን ተሸክሞ አገሩ ገባ። አይደል ኢንጂነር?"

"ተው አንተ፣ ልጁን አታብሽቀው" አሉ እትዬ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አይደለም ማለት ነበረብኝ።

"እንደዚያ ነገር ነው" አልኩ።

ሐጂ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ያንተው መብራት ከሌለ በእጅ ይዞራል?"

"ይዞራል ሐጂ። ግን በእጅ ሲዞር ከአሥሩ ሦስቱ ከነጭራው ያልፋል።"

ቆጥሬው ስለነበር ነው። በሞተር ሲሆን ከመቶው ሁለት ብቻ እንደሚያልፍ ልነግራቸው ስል ተነሥተዋል።

"በል፣ እኔንም እንደዚያ ሀብታም ግንባሬን እንዳትለኝ" አሉ። ሌላ ቀን አያለሁ አላሉም። መብራቱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ባለቦዳው ግን ማሽኑን በጎማ ማሰር ጀምሮ ነበር።

ሱቃቸው ውስጥ ሴቶቹ ዛሬም በእጃቸው ይቀነጥሳሉ። ወንድምየውም ያንኑ መጨረሻ ለመጣው ሁሉ ይተርካል፤ እኔ በተቀመጥኩበት።

እዚያ የነበራችሁ፣ የሳትኩት ካለ አርሙኝ። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ያላየሁት አንድ ነገር አለ፦ ሐጂ ሲወጡ በር ላይ ማሽኑ ዘንድ ቆም ብለው ነበር? ያየ ይንገረኝ።