ሃያ አራቱ ሸምበቆዎች

ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ተድራ ለመልሱ ተጠራሁ። ድግሱ ከጎንደር አራዳ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሰገነት ላይ መሆኑን ያወቅኩት በሩ ላይ ስደርስ ነው። ቀድሜ ባውቅ እግሬን አመመኝ ብዬ እቀር ነበር።

ሰገነቱ ከተማውን ቁልቁል ያያል። ዙሪያውን የተከለለው በመስታወት ነው፤ በብረት ቋሚዎች መካከል አሥራ ሁለት ክፍት ቦታ አለው። በሰባቱ መስታወቱ ልክክ ብሎ ገብቷል። በሦስቱ መስታወቱ ስላነሰ ዳርና ዳሩ ላይ የጣውላ ጠርዝ ተለጥፎበታል። በሁለቱ ጭራሽ መስታወት የለም፤ የብረት ፍርግርግ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት ዞር ማለት አላስፈለገኝም። በቃሌ አውቀዋለሁ።

የቤቱ ባለቤት አቶ ደሳለኝ አርጅተዋል። በከዘራ እየተደገፉ በየጠረጴዛው እንግዳ ሲያስተናግዱ እኛ ዘንድ ደረሱ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ይህ ጣውላ ለምን እንደተለጠፈ ጠየቃቸው።

"የሴት ልጅ ልክ ነው" አሉ እየሳቁ። "ሜትር ማንበብ የማታውቅ ልጅ ልከውብኝ እንዲህ አበላሽታብኝ ሄደች።"

ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥቼ አራዳ ውስጥ በአንድ የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት ተቀጥሬ፣ በየማለዳው ከጠዳ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ከእኔ በቀር ሴት የለም። ስድስት ወር ሙሉ መስታወት ስጠርግና ጎማ ስቆርጥ ቆየሁ። ትምህርት ቤት የተማርኩት ልክ መውሰድና ንድፍ መሥራት እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልሰለች በየሳምንቱ እነግራቸው ነበር። በመጨረሻ አለቃችን ጆሮው ደከመ መሰለኝ፣ "የአቶ ደሳለኝን ሰገነት ልክ ከአያ ፈንታ ጋር ሄደሽ ውሰጂ። ከተሳካልሽ ከእንግዲህ ልክ የምትወስጂው አንቺ ነሽ" አለኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አያ ፈንታ ስልሳውን ያለፉ አናጢ ነበሩ። የስንቱን ደብር በር የሠሩ፣ በኋላ ዘመኑ ወደ አልሙኒየም ሲዞር አብረው የዞሩ ሰው ናቸው። ሜትር ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ አያወጡትም። የሳቸው ሜትር እንጨት ነው። ክፍቱ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ደረቅ ሸምበቆ ያጋድማሉ፣ በቢላ ይቆርጡታል፣ በቃ፤ ልኩ ያ ነው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። የሰገነቱን ቋሚዎች የበየደው ሰው ቱንቢ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማ አይመስልም ነበርና አንዱ ቋሚ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ አዘንብሏል፤ የላይና የታች ስፋቱ አይገጥምም። ስለዚህ ለአሥራ ሁለት መስታወት ሃያ አራት ሸምበቆ። እውነት ለመናገር ሸጋ ዘዴ ነው። እኔም ዛሬ ድረስ ጠማማ ቤት ሲገጥመኝ እጠቀምበታለሁ።

ሸምበቆዎቹን የመረጥኳቸው እኔ ነበርኩ። ጎባጣውን እየጣልኩ፣ እርጥቡን እየጣልኩ፣ ከአንድ ሸክም ውስጥ ሃያ አራት ለየሁ። የመስቀል ዋዜማ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና አልጠነከረም፣ ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከመንገድ ዳር የገዛነውን የበቆሎ ጥብስ እየፈለፈልን ቀኑን ሙሉ ለካን። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ በእርሳስ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ወደ ማብቂያው ላይ ደብተሬን አውጥቼ፣ "አያ፣ አንድ በአንድ በሜትር ለክቼ ደብተር ላይ ላስፍረው" አልኩ።

"ምነው ልጄ፣ እንጨት አይዋሽም" አሉኝ። "ከበዓል መልስ ተሸክመን ሄደን ሥራ ቤት ላይ እንጽፈዋለን። አሁን ዝናቡ መጣ።"

ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ስለዚያች ቅጽበት አሁንም በራሴ እናደዳለሁ። ሸምበቆዎቹን በሲባጎ ጥፍር አድርገን አስረን፣ ዝናብ በማያገኘው ግድግዳ ላይ አስደግፈን ሄድን። የሰገነቱ መስታወት እንደ ተራው አይደለም። በልኩ ተቆርጦ አዲስ አበባ በእሳት ከጠነከረ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ጠርዙን ትንሽ ልላጭለት ያለ ሰው እጁ ላይ እንደ ጨው ይበተንበታል። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በመስቀል ማግስት ስንመለስ ግድግዳው ባዶ ነው።

"እንጨቶቹ የት ሄዱ?" አልኩት ዘበኛውን።

"የትኞቹ?"

"እዚህ ያስደገፍናቸው። በሲባጎ የታሰሩት።"

"እ፣ ችቦው?" አለኝ።

ቀና ብዬ አያ ፈንታን አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ለመስቀል ሰሞን ቀጥ ቀጥ ያለ ደረቅ ሸምበቆ እንደዚያ በሲባጎ ታስሮ ግድግዳ ላይ ከተገኘ ጎንደር ውስጥ ሌላ ስም የለውም። ዘበኛው እንደነገረን፣ ጌታው ራሳቸው አንስተው፣ ራሳቸው ለኩሰው፣ ቤተሰቡን ሰብስበው እየጨፈሩ ዞረውበታል።

ወዲያው አቶ ደሳለኝ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወጡ። "እንኳን አደረሳችሁ። ልኩን ስጡኝ፤ ወንድሜ አሁን ወደ አዘዞ ሊወርድ ነው፣ አውሮፕላን አለበት። በእጁ ይዞልኝ አዲስ አበባ ይሄዳል።" መስታወቱ ለጥምቀት እንዲደርስላቸው ነበር ጥድፊያው።

"እንደገና መለካት አለብን" አልኩ። "ግማሽ ቀን ይበቃናል።"

"ምነው፣ ከበዓሉ በፊት አልጨረሳችሁም ነበር?"

አፌን ከፈትኩ። አያ ፈንታ ቀደሙኝ። "ጨርሰናል ጌታው። ልኩ እኔ ዘንድ አለ" አሉና ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

ወደ ጥግ ወሰድኳቸው። "አያ፣ ሃያ አራት ልክ እኮ ነው! ማን በቃሉ ይይዘዋል?"

"በበዓል ማግስት፣ በገዛ ቤቱ፣ ችቦህ ጥፋት ነው ልበለው? ነውር ነው ልጄ። አንች ዝም ብለሽ ጻፊ።"

ጻፍኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተውና ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ሸምበቆ እንደገና እንደጨበጡት ሁሉ ቁጥር ጠሩልኝ፤ እኔም በራሴ እጅ፣ በንጹሕ ጽሕፈት፣ ልክ እንደሆነ ነገር ጻፍኩት። ወንድምየው ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ወረደ። አውሮፕላን በየቀኑ ይበራል፤ በማግስቱ ቢሄድ ኖሮ ጥምቀት አይሸሽም ነበር።

መስታወቶቹ በኅዳር መጨረሻ በጭነት መኪና መጡ። ሣጥኑን ከፍተን አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውም ገባ፤ አያ ፈንታን በአድናቆት ማየት ጀመርኩ። አራተኛው ላይ በሁለቱም ጎን ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ። ሰባተኛውን ወንዶቹ ቢገፉት ቢያዘነብሉት አልገባም አለ። ሲያልቅ ሰባቱ ልክ፣ አምስቱ ስህተት። እነዚያን ሃያ አራት ልኮች በቃል ይዞ ሰባቱን ማስገባት ተአምር ነው፤ ያን ተአምር ግን ያየላቸው የለም።

አቶ ደሳለኝ ጮኹ። "ማነው የለካው?" አለቃችን ወረቀቱን ገለጠ። "ጽሕፈቱ የማነው?"

የእኔ ነዋ።

አያ ፈንታ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር። ዞሬ አየኋቸው። እንዳይናገሩ ማንም አልከለከላቸውም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት ጣታቸውን፣ በየተራ። ከወንዶቹ አንዱ፣ "ሰባቱን አያ ፈንታ ለክተዋቸዋል፣ አምስቱ የሷ ናቸው" አለ፤ ለሁሉም ይህ ትክክል መሰላቸው። "ተቃጥሏል፣ ችቦ ሆኗል" ብል እንኳ ጥፋተኛ ሰበብ ሲፈጥር ነው የሚመስለው፤ እሳቸው ካልመሰከሩልኝ ማን ያምነኛል? እንባዬ መጣ። ንዴት ነበር፤ እነሱ ግን እፍረት አደረጉት።

ወደ መስታወት ጠረጋዬ ተመለስኩ። ሜትር እጄ ላይ ባዩ ቁጥር ይሳሳቁ ነበር። ሦስት ወር ቆይቼ ለቀቅኩ፤ ሌላ ሰው ቤት፣ ከዚያ ሌላ፣ በመጨረሻ አዘዞ የራሴን ሥራ ቤት ከፈትኩ። ዛሬ ልክ ስወስድ ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ፤ ባለቤቱን ካላስፈረምኩ ግቢውን አልለቅም። ሠራተኞቼ አመለኛ ነች ይሉኛል። ነኝ።

ሥራ ቤቱን በከፈትኩ ሰሞን አያ ፈንታ መጡ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘው መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ዙሪያውን አዩ፣ "ሸጋ ቤት ነው ልጄ፣ ይቅናሽ" አሉ። ጠበቅኩ። ሻይ አስመጣሁላቸውና ጠበቅኩ። ሻያቸውን ጠጥተው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አውርተው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ሲሞቱ ቀብር ሄጃለሁ፤ ፍትሐት እየተደረሰላቸው ቆሜ ተናድጄባቸዋለሁ። ኃጢአት ከሆነም ይቆጠርብኝ።

ጠረጴዛው ስቆ ሲያበቃ፣ "አቶ ደሳለኝ" አልኩ። "ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ሜትር ማንበብ አውቃለሁ። ልኩ የጠፋው ለመስቀል ችቦ አድርገው ስላቃጠሉት ነው።"

ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ስዘጋጅ ፊታቸው በራ።

"ያ ሸምበቆ!" አሉ። "ግድግዳው ላይ የነበረው! አስታወስኩት። አንድ እንኳ ጎባጣ የለበትም። እንደሱ ያለ ችቦ ከዚያ ወዲህ ነዶልኝ አያውቅም።" ወዲያው ግን ፈገግታቸው ጠፋ፤ የጣውላውን ጠርዝ አዩ፣ እኔን አዩ። "ልካችሁ ነበር እንዴ? ታዲያ ምነው ያኔ አልነገራችሁኝም?"

አቶ ደሳለኝ አልዋሹም ነበር። ነውር ነው ተብሎ ማንም አልነገራቸውም፤ አያ ፈንታ አልነገሯቸውም፣ አፌን ከፍቼ የዘጋሁት እኔም አልነገርኳቸውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያሉት ሰዎች ያንን ሰገነት አላዩትም። "ሸምበቆው ልካችን ነበር፣ ችቦ አይደለም፤ እንደገና እንለካለን" ለማለት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ጉርሻ ከመዋጥ ያንሳል። እዚያች ጥግ፣ ደብተሬን ይዤ ቆሜ፣ ያን ያህል ጊዜ ነበረኝ።

"ነውር መስሎን ነው" አልኳቸው፤ እኔም ካያ ፈንታ ጋር አንድ ላይ ተቆጠርኩ። ጉርሻዬ ሳህኑ ላይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሳልበላው ተነሳሁ።